ያልተነካ ችግር

እኔ በተወለድኩበት አገር በማኅበራዊ ሥራ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው የችግረኛ በር ማንኳኳት ይፈቀድለታል። ለመግባት ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል። ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ደግሞ መሄድም አይጠበቅበትም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። በልጅነቴ የማልጠይቅ ልጅ ስለነበርኩ ጨዋ እባል ነበር፤ ያ ስም እስከ ዩኒቨርሲቲ ተከትሎኛል።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት በር አንኳኳሁ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ጠዋት የበሮች ዝርዝር ይሰጠኛል፤ አንኳኳለሁ፤ ከውስጥ ድምፅ ከመጣ "ሰው አለ" ብዬ እጽፋለሁ፤ ካልመጣ "የለም" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር አንድ በር ሳንኳኳ ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ "ግቢ ልጄ፣ ወድቄ ነው" አለኝ። "ሰው አለ" ብዬ ጻፍኩና እዚያው ቆምኩ። መግባት የሚፈቀድለት ባልደረባ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሽማግሌው ከበሩ ወዲያ፣ እኔ ከበሩ ወዲህ ሆነን ስለ ዘንድሮ ዝናብ ማነስ አወራን። በማግስቱ ለሁለተኛ ዲግሪ አመለከትኩ።

አንደኛው ዓመት የክፍል ትምህርት ነው። ትልቁ ኮርስ ራስ መነቅነቅ ሲሆን ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል። ሰው ሲናገር የሚነቀነቀው፣ ሲያለቅስ የሚነቀነቀውና ዝም ሲል የሚነቀነቀው ለየቅል ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች አንገታቸውን በቅቤ እያሹ ሲለማመዱ እኔ ያለ ልምምድ አንደኛ ወጣሁ። መናገር በሚገባኝ ጊዜ ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ ያደግኩ ስለሆነ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። መምህራችን ከክፍሉ ፊት አቁመውኝ "ይህቺን ልጅ ተመልከቱ፤ የተፈጥሮ ባለሙያ ናት" አሉ። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ደስ ያሰኘኝ ነገር ሁሉ አሁን ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ዓመት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ችግረኛ ይመደብለታል። ተማሪው በየሳምንቱ እየሄደ ያያል፣ ይሰማል፣ ይጽፋል፤ ጽሑፉን አቅርቦ ሲያልፍ ይመረቃል። ለዚህ ጊዜ የሚያገለግል ጊዜያዊ የመግቢያ ወረቀት ይሰጠዋል። አማካሪዬ ሊቀ ምልከታ ገሠሠ ወረቀቱን ሲሰጡን ሕጉን ነገሩን።

"ችግሩን እንደተረከባችሁት ታስረክባላችሁ" አሉ። "ከላዩ ትንሽ እንኳ ቢቀንስ፣ ያጠናችሁት ችግሩን አይደለም፤ ራሳችሁን ነው።"

ይህን የሚቆጣጠሩ ንክኪ መርማሪ የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። በየሦስት ወሩ ስድሳ ጥያቄ ይዘው ወደ ችግረኛው ቤት ይሄዱና ችግሩን ይለካሉ። ቀንሶ ከተገኘ ተማሪው ይጠየቃል። አንድ የክፍላችን ልጅ ያጠናት የነበረች ሴት በልኬት ሳምንት ስቃ ተገኘችና፣ ይበልጥ አስተማማኝ በሆነች ሴት ተተክታበት ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተደረገ። ሌላዋ ለምታጠናው ሰው ዣንጥላ ሰጥታ ተባረረች። ዣንጥላው በመረጃነት ተይዞ የትምህርት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ዝናብ ሲመጣ መምህራኑ ይዋሱታል።

ለእኔ የደረሱኝ እማማ ደብሪቱ ናቸው። እማማ ደብሪቱ በወንዙ ወዲህኛው ዳርቻ የኩራዝ ክር እየገመዱ የሚኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። መዝገባቸው ላይ የተጻፈው ችግር አንድ መስመር ነበር፦ "ልጅ ጠፍቶባቸዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት።"

የጠፋውም እንዲህ ነው። ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አስተዳደሩ በሁለቱም ዳርቻ ያሉትን ቤቶች እንደ አዲስ ቆጠረ። ቆጠራው የዋለው በትምህርት ቀን ነበርና፣ ጠዋት ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች ማታ ሲለቀቁ ደረታቸው ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት ወደ ቤት ተሸኙ። የተለጠፈው ግን በዚያው ቀን በችኮላ የተዘበራረቀ ቁጥር ነበር፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ የጻፈ የለም። አንድ ወንደላጤ አናጢ ሦስት ልጆች ደረሱት ይባላል። በአንድ ዳርቻ የተሳሳቱት በጎረቤት በጎረቤት እየተጠያየቁ ተመለሱ። ወደ ማዶ የተሻገሩት ግን እዚያው ቀሩ፤ ድልድዩን ለመሻገር የሚሄዱበትን ቤት ቁጥር መናገር ግዴታ ሆኖ ነበርና። የእማማ ደብሪቱ ልጅ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። ማዶ ካሉት አራት ሺህ ቤቶች የትኛው እንደተቀበለው አልታወቀም።

እማማ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ መሻገሪያው ቢሮ ይሄዳሉ። ለጥናቱ ስል አንድ ሁለት ጊዜ ተከትያቸዋለሁ። ጸሐፊው አቶ ጥሩሰው የሚባል፣ ከእሳቸው ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው።

"የማን ቤት ነው የሚሄዱት?" ይላል፣ ቀና ሳይል።

"የልጄ።"

"ቁጥሩ?"

"ቁጥሩን ባውቅ አንተን ምን አስለመነኝ?"

"እንግዲያው ማክሰኞ ይመለሱ።"

"ማክሰኞ ቁጥሩ ይበቅላል እንዴ? ዘርተኸዋል?"

"እኔ ምን ላድርግ እናቴ፤ ወንበሩ ነው የሚጠይቀው።"

"ወንበሩ ጥርስ የለውም። የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው።"

አቶ ጥሩሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ ራሴን ነቅንቄ እጽፋለሁ።

ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። በዓመት አንድ ሳምንት፣ የግምት ሳምንት በሚባለው፣ ማንም ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ገምቶ ማስገባት ይችላል። ጸሐፊው ቁጥሩን በድልድዩ ማዶ ይጠራዋል፤ በዚያ ቁጥር የሚኖር፣ የሚፈልግህ ሰው ካለ ትሻገራለህ። ከሌለ እስከ ከርሞ። እማማ ደብሪቱ ሃያ ሁለት ቁጥር ገምተዋል፤ ሁሉንም በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ክር እየገመዱ ሲቆጥሯቸው የሰው ስም የሚጠሩ ይመስላሉ።

ስለ ልጁ ብዙ ነግረውኛል። ትምህርት ቤት ሲሄድ ምሳውን እንዳይረሳ በግራ እጁ ላይ የኩራዝ ክር በሦስት ቋጠሮ ያስሩለት ነበር። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ወተት ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ሁሉ "የትዝታ ይዘት" በሚል ርዕስ ሥር ጻፍኩት።

ከዚያ ሴሚናሩ መጣ። ሴሚናር ማለት ተማሪዎች እስከዚያ የሰበሰቡትን ለክፍሉ የሚያቀርቡበት ነው። ዘርይሁን የሚባል ልጅ አብሮን ይማራል፤ ቀጭን፣ ሲናገር የሸሚዙን ቁልፍ የሚነካካ። የእሱ ጥናት በማዶ ዳርቻ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ያደገ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ላይ ነው። ስም መጥቀስ ስለማይፈቀድ "ጉዳይ ሰባት" እያለ ያነባል።

"ጉዳይ ሰባት ከወላጅ እናቱ የተለየው በቆጠራው ዕለት ነው። የእናቱን ስም አያስታውስም፤ እማዬ ነበር የሚላት። በእጁ ላይ በሦስት ቦታ የተቋጠረ የጥጥ ክር ታስርለት እንደነበር ያስታውሳል። ክሩን እስካሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጦታል።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ።

ከክፍል ስንወጣ ዘርይሁንን ተከተልኩት። ለጥናት ካልሆነ ሰው ተከትዬ አላውቅም።

"የሚኖርበት ቤት" አልኩት። "ቁጥሩ ስንት ነው?"

"ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ምነው?"

ነገርኩት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ፣ ወለሉ ላይ።

"አንቺ፣ አትቀልጂ" አለ።

"አልቀልድም።"

"እሱ እኮ እሷን እንጂ ሌላ ምንም አይፈልግም። ልኬቱ ላይ ከስድሳው ሃምሳ ስምንት ነው ያመጣው።"

"እሳቸው ሃምሳ ዘጠኝ ናቸው።"

ተያየን። ሁለታችንም ቁጥር መናገራችን የገባን ይመስለኛል፤ ግን አላወራንበትም። ወደ ሊቀ ምልከታ ገሠሠ ሄድን። ሊቀ ምልከታ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን በመሐረብ አበሱ።

"በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም" አሉ። "አንድ መለያየት ከሁለት ዳርቻ እየተጠና። ይህ ወርቅ ነው፣ ልጆቼ።"

"እና... እንንገራቸው?" አለ ዘርይሁን።

"እንዴታ። ለምን አትነግሯቸውም? ተመርቃችሁ የመግቢያ ፈቃዳችሁን በያዛችሁ ማግስት ትነግሯቸዋላችሁ። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ስምንት ወር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ስምንት ወር አያቅተውም።"

ደረጃውን ስንወርድ ዘርይሁን ቆመ። "እኔ ልነግረው እችላለሁ" አለ። "እባረራለሁ፤ ልባረር። ግን እኔ ከነገርኩት ያንቺም ይወድቃል። ስለዚህ አንቺ በይ። አንዲት ቃል በይኝና ዛሬውኑ እሻገራለሁ።"

ተማሪዎች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዘርይሁን ይጠብቃል። እኔ ጫማዬን አየሁ። ቤተሰቦቼን አሰብኩ፤ የቆዳ ፋቂዎቹን ሰፈር ሽማግሌ አሰብኩ፤ ፈቃዱን ሳገኝ የምገባባቸውን ቤቶች ሁሉ አሰብኩ። ሐሳብ ግን ድምፅ የለውም። ዘርይሁን ትንሽ ቆይቶ "እሺ" አለና ሄደ። ምን እንዳልኩት አድርጎ እሺ እንዳለኝ እስከዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ወደ እማማ ቤት ስሄድ ቁጥሩን አፌ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። እሳቸው እንደ ድሮው ናቸው። "ነይ የኔ ልጅ፣ ከፀሐዩ ግቢ" ይሉኛል። ስጽፍ አይናገሩም፤ ስጨርስ ይጠይቁኛል።

"ዛሬስ ምን ጻፍሽ?"

"ያሉትን ነው፣ እማማ።"

"እኔማ ያው አንድ ነገር ነው የምለው። አይሰለቻቸውም እነዚያ መምህሮችሽ?"

"አይሰለቻቸውም።"

"እንግዲህ ለትምህርትሽ ከጠቀመሽ እሰየው። በሰላም አስጨርሶ ሰው ቤት ገብተሽ የወደቀ የምታነሺ ያድርግሽ።"

ይህን ምርቃት በየሳምንቱ ይመርቁኝ ነበር። አሜን እል ነበር።

ከሴሚናሩ በአራተኛው ወር የግምት ሳምንት ደረሰ። እማማ ቤት በሄድኩበት ቀን መርማሪ አልመጣም፤ ጎረቤትም አልነበረም። በሩ ተዘግቶ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም አስፈራርቶኝ ነበር እንዳይባል ነው።

እማማ ደብሪቱ የሚገምዱትን ክር አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"የዘንድሮውን ለአንቺ ትቼዋለሁ" አሉ። "እኔ ሃያ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልቀናኝም። ዕድሜውን አልኩ፣ የተወለደበትን ቀን አልኩ፣ በሕልሜ ያየሁትንም አልኩ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። እጅሽም ገና ያልተሞከረ ነው። ስንት ልበል?"

የማስታወሻ ደብተሬን ከደንኩ።

"አይዞሽ፣ ባይሆንም አልቀየምሽም። አፍሽ ላይ የመጣልሽን በይ።"

አፌ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ዘርይሁን ትዝ አለኝ፤ የእሱንም ጥናት በአንድ ቃል ላፈርስበት ነው አልኩ ለራሴ። ለእሱ ያዘንኩ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያዘንኩት ለእሱ አልነበረም። ምርጥ ተማሪ ነበርኩ፤ ምርጥ ተማሪ ሆኜ መጨረስ ፈለግኩ። ይኸው ነው።

"እርስዎ ደስ ያለዎትን ይበሉ፣ እማማ" አልኩ።

"ምነው? ፈራሽ እንዴ?"

"እኔ ቁጥር አላውቅም።"

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ክሩን አነሱ። "እሺ፣ ስምንት መቶ ስድስት እላለሁ" አሉ። "ትናንት ከአንድ ጥቅል ስምንት መቶ ስድስት ክር ነው የወጣልኝ።" ሐሙስ ቀን አስገቡት። ስምንት መቶ ስድስት ቁጥር የእህል መጋዘን ሆኖ ተገኘ።

በስድስተኛው ወር ዘርይሁን ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ጠበቀኝ። ደረጃው ላይ ከተለያየን ወዲህ ብዙም አናወራም ነበር።

"ሄደ" አለኝ።

"ማን?"

"ጉዳይ ሰባት።" ከዚያ ደንቡን ተወው። "ምንይችል። ስሙ ምንይችል ነው። ግድብ ሠሪዎች ጋር ለሰባት ዓመት ፈርሞ ወደ ላይኛው ወንዝ ሄደ። ትናንት ጠዋት።"

"ለምን?"

"'እዚህ የምጠብቀው ነገር የለም' አለኛ። እኔ ደግሞ ፊቱ ቁጭ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።" የሸሚዙን ቁልፍ ሲነካካ ቁልፉ በእጁ ላይ ቀረ። "እኔ እኮ አንቺ ትነግሪያታለሽ ብዬ ነበር። በግምት ሳምንት በየቀኑ ድልድዩን አይ ነበር፣ ትመጣለች ብዬ።"

"እኔ ደግሞ አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ነበር።"

"አይ አንቺ" አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

የግድቡ ሰፈር የቤት ቁጥር የለውም። ቁጥር ወደሌለው ቦታ ለመሻገር ፈቃድ መጠየቅ አይቻልም፤ ደብዳቤም አይሄድም። አፌ ውስጥ የያዝኩት ቁጥር ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ልብስ ሰፊ አድራሻ ብቻ ሆነ።

ጽሑፌን በስምንተኛው ወር አቀረብኩ። ርዕሱ "መለያየት በጊዜ ብዛት ስላለመቀነሱ" የሚል ነበር። ከመርማሪ ጉባኤው የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው።

"ጉዳዩ ሳይነካ ቆይቷል?"

"ቆይቷል" አልኩ።

አጨበጨቡ። የመጨረሻው ልኬት ስድሳ ከስድሳ ሆኖ ስለተገኘ የማዕረግ ተመራቂ ሆንኩ። ሊቀ ምልከታ ገሠሠ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና "ነገ አብረን እንሄዳለን" አሉ። በማግስቱ ግን ስብሰባ ገጠማቸው።

ብቻዬን ሄድኩ። እማማ ደብሪቱ ልብሴን አይተው "ተመረቅሽ?" አሉና እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ቀደምኳቸው።

"እማማ፣ ልጅዎ ተገኝቷል" አልኩ። በትምህርት ቤት እንዲህ ነው የሚያስጽፉን፤ ተገኝቷል፣ ተደርጓል፣ ታውቋል። ማን እንዳገኘው፣ መቼ እንዳገኘው አይገባበትም። ማዶ እንዳደገ፣ ልብስ ሰፊዎች እንዳሳደጉት፣ ክሩን እንዳልጣለው፣ አሁን ግን ለሰባት ዓመት ወደ ግድቡ እንደሄደ ነገርኳቸው። እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ።

"ጤነኛ ነው?" አሉ።

"ጤነኛ ነው።"

"ምን ይመስላል?"

እኔ አይቼው አላውቅም። የማውቀው ዘርይሁን የጻፈውን ነው፤ ይህንኑ ነገርኳቸው።

"ስለ እሱ የተጻፈ መጽሐፍ አለ ነው የምትይኝ?"

"አለ፣ እማማ።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ? አምጪውና አንብቢልኝ።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አነብላቸዋለሁ። መቶ አርባ ገጽ ነው። "የንድፈ ሐሳብ ዳሰሳ" የሚለውን ምዕራፍ ሳይቀር በጥሞና ሰሙት፤ የእሱ ስም ይመጣል ብለው። "ጉዳይ ሰባት" ስል "ምንይችል በይ" ይላሉ፤ እላለሁ። ሲስቅ አፉን እንደሚሸፍን ያነበብኩ ዕለት እሳቸውም በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ። ሰንጠረዥ ሲመጣ "እሱስ ምን ይላል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ በቃል አስረዳቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ደረስን። ከማንበቤ በፊት ዓይኔ ወደ ታች ሮጦ ምን እንደሚል አይቷል። መዝለል እችል ነበር፤ አያውቁብኝም። አነበብኩት።

"ጉዳይ... ምንይችል በየዓመቱ በግምት ሳምንት ሥራ ፈትቶ ከድልድዩ ራስ ሲቆም ይውላል። ቁጥሬ ሲጠራ ካልሰማሁስ ብሎ ይሰጋል። በዚህም ዓመት ሰባቱንም ቀን ቆሟል።"

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

"በዚህም ዓመት ማለት የትኛው ዓመት ነው?"

"ዘንድሮ።"

"ስምንት መቶ ስድስት ያልኩ ጊዜ?"

"አዎ።"

"ያን ሳምንት አንቺ እዚህ ነበርሽ። እዚህ፣ አሁን የተቀመጥሽበት።"

"ነበርኩ።"

"ስንት ልበል ብዬሽ ነበር።"

"ብለውኝ ነበር።"

"ታውቂው ነበር?"

ውጭ ሰዎች እያወሩ ያልፋሉ። እስኪያልፉ ብጠብቅ ደስ ባለኝ። አልጠበቅኩም።

"አውቀው ነበር፣ እማማ። ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ነበር።"

ቁጥሩን ቀስ ብለው፣ ለብቻቸው፣ አንድ ጊዜ ደገሙት። አልጮሁም፤ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ የት ላይ እንደምቆም አውቅ ነበር። እጃቸውን ከገጹ ላይ አነሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ሰባቱንም ቀን ቆሟል የሚለውን" አሉ፣ "ከላይ ጀምሪና እንደገና አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው።